አቤል ምን አጠፋ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ወቅት በሰንበት ትምህርት ቤት ስለ አዳም ድኅነት ሳስተምር ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ዲያቆን፥ አቤል ምን አጠፋ?» አለችኝ። ጥያቄው ገብቶኛል፤ ግን መልሱን እስካስብ ብዬ «እንዴት ማለትሽ ነው?» አልኳት። «ጻድቅ ነው ብለውናል። መሥዋዕቱንም እግዚአብሔር ተቀብሎለታል። ወንድሙ በግፍ ገደለው። ታዲያ እንደገና ወደ ሲኦል ወረደ ማለት ሌላ ግፍ አይሆንም?» ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ይህንኑ ጥያቄ በዐሥራ አራት ዓመቴ እኔም ጠይቄዋለሁና፤ የጠየቅሁት ግን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሳይሆን መቃብር አፋፍ ላይ ቆሜ ነበር።

የእናቴ አባት ያረፉት በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ዕለት ነው። በዚያ ሳምንት ጸሎተ ፍትሐት እንደማይደረግ ታውቃላችሁ። መስቀል አንሳለምም፥ ካህኑም «ይፍታ» አይሉንም። አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ሲያጥሩና ግቢውን ሲጠርጉ የኖሩ ሰው ናቸው። እንዲያ ዝም ተብሎ ተቀበሩ። እናቴ «አባቴ ሳይፈታ ሄደ!» እያለች ደረቷን ስትደቃ ዛሬም ድረስ ይታየኛል። ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጦ የማያውቅ አንድ የሰፈራችን ሰው ሞቶ በሙሉ ሥርዐት ተፈትቶ ነበር። እኔ የቆሎ ተማሪነቱን የጀመርኩ ልጅ ነኝ፤ ተናደድኩ። «ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» አልኩ በልቤ። ሰው በሞተበት ቀን ይለያያል እንዴ?

ልብ ብላችሁ ካያችሁት የልጅቷም ጥያቄ ይኸው ነው። ሰው በተወለደበትና በሞተበት ዘመን ይለያያል ወይ? ክርስቶስ ከመምጣቱ በፊት የኖሩት አቤል፥ ኖኅ፥ አብርሃም፥ ሣራ፥ ኢዮብ ያጠፉት ጥፋት ቀድመው መወለዳቸው ነው ወይ?

መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በየቀኑ የምንጽፋት ፊደል ላይ አለች። መታወቂያችን ላይ፥ የቤት ኪራይ ውላችን ላይ፥ የዕድር ደረሰኝ ላይ «ዓ.ም.» እንላለን። ዓመተ ምሕረት ማለት ነው። ዛሬ ዛሬ ቀን ከመቁጠር በቀር ትርጉሙን የሚያስበው ጥቂት ነው። በባሕረ ሐሳብ ከዚህ በፊት ያለው 5500 ዘመን ዓመተ ፍዳ፥ ዓመተ ኩነኔ ይባላል። ጌታ ለአዳም የገባለት ቃል ኪዳን ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ ከልጅ ልጁ ተወልዶ እንደሚያድነው ነው፤ በእርሱ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ስለሆነ (2ኛ ጴጥ 3፥8) አምስት ቀን ተኩል 5500 ዘመን ሆነ። መጽሐፈ ኩፋሌም በዚሁ አቆጣጠር አዳም በ930 ዓመቱ መሞቱን ሲተረጉም ለሺው 70 ጎደለው፥ ስለዚህ በበላባት በዚያችው «ቀን» ሞተ ይለናል።

እንግዲህ በዓመተ ፍዳ የሞተ ሁሉ፥ ጻድቁም ኃጥኡም፥ የሚወርደው ወደ ሲኦል ነበር። ያዕቆብ ልጁ ዮሴፍ የሞተ መስሎት ሲያለቅስ እያዘንኩ ወደ ልጄ እወርዳለሁ አለ እንጂ እወጣለሁ አላለም (ዘፍ 37፥35)። ኢሳይያስም የሰው ጽድቅ ሁሉ እንደ መርገም ጨርቅ መሆኑን የተናገረው ራሱንም ጨምሮ ነው (ኢሳ 64፥6)።

ይህ የአቤል የግል ጥፋት ቅጣት አይደለም። በክረምት ወንዝ ሞልቶ ድልድዩን ሲወስደው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወዲህ ማዶ ላይ ደጉ መንገደኛም ይቆማል፥ ሌባውም ይቆማል፤ ለቅሶ የሚሄደውም፥ ለጸብ የሚሄደውም ይቆማል። ወንዙ ጠባያችሁን አይጠይቅም። አዳም በበደለ ጊዜ የተሰበረው ድልድይ የልጆቹ ሁሉ ድልድይ ነበረ። ቅዱስ ጳውሎስ እንደ አዳም ያልበደሉት ላይ እንኳ ሞት ነገሠ የሚለን ይህን ነው (ሮሜ 5፥14)። አቤል በወንዙ ዳር ቆመ እንጂ ወንዙ ውስጥ አልተጣለም። በርግጥ የኔታ «ምሳሌ ዘይሐጽጽ» እንደሚሉት ይህም ምሳሌ ይጎድላል። የሲኦል ሐዘን ወንዝ ዳር እንደ መቆም ቀላል አልነበረም። ግን በዚያም ቢሆን የሁሉ ነገር አንድ አልነበረም፤ ጌታ ስለ አልዓዛርና ስለ ባለጠጋው ሲናገር አልዓዛርን በአብርሃም እቅፍ፥ ባለጠጋውን በነበልባል፥ በመካከላቸውም ታላቅ ገደል አድርጎ አሳይቶናል (ሉቃ 16)።

ታዲያ በወዲህ ማዶ የቆሙትን ከሌላው የሚለያቸው ምንድን ነው? መጠበቃቸው ነው። አንዳንዱ «ድልድይ የሚባል ነገር የለም» ብሎ እዚያው ቤት ሠራ፤ አንዳንዱ ግን ዓይኑን ከማዶ አልነቀለም። ዕብራውያን ምዕራፍ 11 ላይ ስማቸው የተዘረዘረው እነዚህ ናቸው። የተስፋውን ቃል ሳያገኙ ከሩቅ አይተው ተሳለሙት ይላል (ቁ. 13)። አብርሃም ቀኑን ሊያይ ተመኘ፤ አየም፤ ደስም አለው (ዮሐ 8፥56)። ስለዚህ አብርሃም የዳነው በሌላ መንገድ አይደለም። አንዳንድ ሰው «ያኔ ሕጉን ጠብቀው ነው የዳኑት፥ እኛ በክርስቶስ» ሲል እሰማለሁ። ስሕተት ነው። ሁለት መድኃኒት የለም። እኛ የመጣውን እናምናለን፥ እነርሱ የሚመጣውን አመኑ።

«ሕጉንም ነቢያቱንም ያልሰሙትስ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔ እዚህ ላይ ሁልጊዜ የምትገርመኝ ረዓብ ናት። የኢያሪኮ ሴት፥ ያውም ጋለሞታ። ኦሪት አልተሰጣትም፥ ግዝረት የላትም፥ ነቢይ አላስተማራትም። የነበራት ወሬ ብቻ ነው! ባሕሩ እንደ ተከፈለ የከተማው ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ሁሉም ፈርቷል። ሌላው ፈርቶ በሩን ዘጋ፥ እርሷ ፈርታ በሯን ከፈተች። ሰላዮቹን በተልባ እግር ጭድ ሸሸገቻቸው፤ ቀዩን ፈትል በመስኮቷ አንጠለጠለች (ኢያ 2)። አባቶች ያንን ቀይ ፈትል ደሙን ያሳያል ብለው ይተረጉሙታል። በኋላ ስሟ በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ ተጻፈ (ማቴ 1፥5)። እግዚአብሔር ከሰው የሚፈልገው በደረሰው ብርሃን መጠን መሆኑን ከእርሷ ተማርኩ። የነነዌ ሰዎችም የሰሙት የአንድ ሰው የአንዲት ዐረፍተ ነገር ስብከት ነበር፥ ያውም ተስፋ የሌለባት፤ እኛ ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀድመን ሦስቱን ቀን የምንጾመው የእነዚያን አሕዛብ ጾም ነው። እንግዲህ «ያኛው ሕዝብ ጠፍቷል» ብሎ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ካለ የማንን ጾም እንደጾመ ያስብ።

ደግሞም መጠበቃቸው በከንቱ አልቀረም። ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ጌታ ነፍሱን ከሥጋው በፈቃዱ ሲለይ ሥጋው ወደ መቃብር፥ ነፍሱ ወደ ሲኦል ወረደች፤ መለኮቱ ግን ከሥጋውም ከነፍሱም አልተለየም። በወኅኒ ለነበሩት ነፍሳት ነጻነትን ሰበከላቸው (1ኛ ጴጥ 3፥18-20)። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ የትንሣኤውን ሥዕል ስታዩ አዳምንና ሔዋንን እጃቸውን ይዞ ሲያወጣቸው የተሣለው ለዚህ ነው።

ይህን ሳስብ አረጋዊው ስምዖን ትዝ ይለኛል። ሕፃኑን አቅፎ አሰናብተኝ አለ፤ ተሰናበተም። ግን የት ሄደ? ገና መስቀሉ ስላልተተከለ እርሱም ወደ ሲኦል ወረደ። ታዲያ ያቀፈውን ለአዳም አልነገረው ይሆን? «አይቼዋለሁ፥ በክንዴ ይዤዋለሁ» ሳይለው ቀረ ትላላችሁ? መጽሐፍ ይህን አልጻፈም፤ የእኔ ሐሳብ ነው፥ እንደዚያው ያዙልኝ።

ግን በጴጥሮስ መልእክት ውስጥ በጣም የሚያስደንቀው ሌላ ነው። በወኅኒ ከነበሩት መካከል ሐዋርያው በተለይ የሚጠቅሰው አቤልን ወይም አብርሃምን አይደለም፤ በኖኅ ዘመን መርከብ ሲሠራ ያልታዘዙትን ነው። ከውኃው የዳኑት ስምንት ነፍስ ብቻ ነበሩ። ርግቧ ለምለሙን የወይራ ቅጠል ይዛ ስትመለስ የምሥራቹን የሰሙት ስምንቱ ናቸው፤ ውጪ የቀሩት አልሰሙም። በቀዳም ስዑር ካህናቱ ቃጭል እያቃጨሉ ቄጤማ የሚያድሉን ያን የርግቧን ቅጠል በማሰብ ነው። የምሥራቹ በዚያች ቅዳሜ ከመርከቡ ውጪ ለቀሩትም ደረሰ ማለት ነው! ምን ብለው እንደ መለሱ ቅዱስ ጴጥሮስ አልጻፈልንም። ይህን ይዞ «እንግዲያውስ ከሞትኩ በኋላም ይሰበክልኛል» የሚል ግን ራሱን ያታልላል፤ ለእኛ ተሰብኮልናል፥ ሰምተናል፥ ተጠምቀናል። ረዓብ በወሬ ብቻ ያደረገችውን እኛ በወንጌል አላደረግንም ብለን ማፈር ይሻለናል።

አሁን ወደ ልጅቷ ልመለስ። ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሰማችኝና «እሺ፥ ግን ለምን ያን ያህል ቆየ?» አለች። ጠንካራ ልጅ ናት። ዘመኑ ሲፈጸም እግዚአብሔር ልጁን ላከ (ገላ 4፥4)፤ ዘመኑ ለምን በዚያ ልክ እንደሚፈጸም ግን የሚያውቀው እርሱ ነው። ከዕብራውያን ምዕራፍ 11 መጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ላሳያት ቻልኩ፤ እነዚያ ቅዱሳን ተስፋውን ወዲያው ያላገኙት ያለ እኛ ፍጹማን እንዳይሆኑ ነው ይላል። አቤል ያን ሁሉ ዘመን የጠበቀው ክርስቶስን ብቻ አይደለም፥ እኛንም ነው። «እኔንም?» አለች። አዎ፥ አንቺንም።

በሰሙነ ሕማማት እኛ ወደ እነርሱ ወረፋ እንገባለን። ያለ መስቀል፥ ያለ ይፍታ የምንቆየው የ5500 ዘመኑን ሰዎች ኑሮ ለጥቂት ቀን እንድንቀምሰው ነው። ይህን በዐሥራ አራት ዓመቴ አላውቅም ነበር። ከቀብር መልስ የኔታ ዘንድ ሄጄ እያለቀስኩ «አያቴ ለምን ሳይፈቱ ተቀበሩ?» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ማን አልተፈቱም አለህ?» አሉኝ። «ሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በዚህ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ ፍትሐት ተደርጓል። አንተም ቆመህ አሜን ብለሃል። ለማን እንደሆነ አላወቅህም እንጂ ለአያትህም ነበር፤ እሳቸውም ከጎንህ ቆመው አሜን ሲሉ ነበር።»

ለእናቴ ሮጬ ነገርኳት። ቅዳሜ ጠዋት ቄጤማ ሲታደል ሁለት ተቀበለች። አንዱን ራሷ ላይ አሰረች፤ ሌላውን ይዛ ወደ መቃብሩ ሄደች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።