ቀለሙ ለሻማው፣ ሻማው ለብርሃኑ



ለበዓል የሚሆነውን ሻማ በገዛ እጃችን ስንሠራ ቀለሙ እንደ ተመኘነው ሳይወጣ ቢቀር ምን ማድረግ ይገባናል? ጥያቄው ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ለእግዚአብሔር በምናቀርበው ሁሉ ውበት ይቅደም ወይስ እውነተኛነት የሚል ታላቅ ጥያቄ አዝሏል።

በላቲን ሥርዓት በሚመሩ ቁምስናዎች ከበዓለ ልደት በፊት በሚውሉት አራት እሑዶች፣ በለምለም ቅጠል ጉንጉን ላይ የተተከሉ አራት ሻማዎች በየተራ ይበራሉ። ልማዱ እጅግ ጥንታዊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1839 በሃምቡርግ ከተማ ዮሃን ሂንሪክ ቪኸርን የተባለ የሉተራውያን የነገረ መለኮት ሊቅ ለሚያሳድጋቸው ድኾች ልጆች የልደትን ቀን እየቆጠሩ እንዲጠብቁበት ካበራላቸው ሻማዎች የተወረሰ ነው፤ ካቶሊካውያንም በኋላ ተቀብለውታል። በተለመደው አሠራር ከአራቱ ሦስቱ ሐምራዊ ሲሆኑ የሦስተኛው እሑድ ሻማ ሮዝ ነው። ሐምራዊው የንስሓና የመጠባበቅ፣ ሮዙ ደግሞ የደስታ ምልክት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እነዚህን ሻማዎች ከመግዛት ይልቅ ከልጆቻችን ጋር ለመሥራት ወሰንን። የንብ ሰም ገዝተን፣ እሳት በቀጥታ እንዳይነካው ውኃ በፈላበት ድስት ውስጥ ሌላ ዕቃ አስቀምጠን አቀለጥነው፤ በሰም የሚሟሟ ቀይና ሰማያዊ ቀለምም ጨመርንበት። ሰሙ እንደ ቀለጠ ሳለ ሐምራዊው የተሳካልን መስሎን ደስ አለን። በረጋ ጊዜ ግን ወደ ቡናማ ያደላ፣ የደፈረሰ መልክ ያዘ። የንብ ሰም በተፈጥሮው ቢጫ ነውና፣ ቢጫና ሐምራዊ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ድምቀት ያጠፋል።

በዚህ ጊዜ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን ለቤተ ክርስቲያን የሚቀርበው ያማረ መሆን ስላለበት ከሱቅ ይገዛ አልን። ሌሎቻችንም ላዩን ብቻ በጥሩ ቀለም ብንነክረው ማን ያውቃል አልን። ሻማን ላዩን መንከር በራሱ ማታለል አይደለም፤ በሙያው የታወቀ አሠራር ነው። የእኛ ስሕተት ከመንከሩ ሳይሆን «ማን ያውቃል» ካለው ልባችን ላይ ነበር። ልጆቹ ዝም ብለው ይመለከቱን ነበርና፣ ጌታን በእውነት ስለ መጠበቅ ልናስተምራቸው የሰበሰብናቸውን ልጆች ጉድለትን መሸፈን ልናስተምራቸው ምንም አልቀረንም ነበር።

ስለዚህ የደፈረሰውን ሻማ እንዳለ አበራነው። ነበልባሉ ከማንኛውም ሻማ ነበልባል የሚለይበት ነገር አልነበረም። በግዕዝ ሥርዓት የሚጸልዩ ወገኖቻችንም የሰም ጧፋቸውን ምንም ቀለም ሳይነካው ሲያበሩ ብርሃኑ አንዳች አይጎድልበትም።

እንግዲህ ቀለም ከንቱ ነው ልንል ነውን? አይደለም። ቸልተኝነት ትሕትና ሊባል አይገባውም፤ «ልብ ከቀና ይበቃል» እያሉ ሥራን ማበላሸትም ራሱን የቻለ ሽፍጥ ነው። ጉድለትን ሳይሸሽጉ መቀበል የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ሁለተኛው ማረም ነው። በተከታዩ ዓመት ሰሙን በስሱ ፍቀን፣ እስኪነጣ ድረስ ለብዙ ቀናት ፀሐይ ላይ አሰጣነው። የቀለሙንም ልክ በትኩስነቱ አልፈረድንም፤ አንዲት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ አንጠባጥበን እስክትቀዘቅዝ ጠበቅን። ቀለም ሲበዛ ክሩን አፍኖ ነበልባሉን እንደሚያደክም ስለ ተረዳንም በጥቂቱ ጨመርን። ያን ጊዜ ሐምራዊው ሐምራዊ ሆነ፤ ከዚያው ቀለም ቀዩን አብዝተን፣ መጠኑን ቀንሰን ሮዙን አገኘን።

ከዚህ ሥራ የተማርነው ለነፍሳችንም ይሆናል። ከሥር ያለው ሳይነጣ ከላይ የሚጨመር መልካም መልክ ይደፈርሳል፤ የመንፈሳዊ ቅንዓታችን እውነተኛ መልኩ በትኩሳቱ ሰዓት ሳይሆን በበረደ ጊዜ ይታያል፤ ጌጡ ሲበዛም ብርሃኑን ያፍናል። ቀለሙ ለሻማው፣ ሻማውም ለብርሃኑ ተሰጥቷል፤ ይህን ሥርዓት የጠበቀ ውበት ከእውነት ጋር አይጣላም። እንግዲህ በመጪው በዓል ከልጆቻችን ጋር ሰም ስናቀልጥ፣ ያልተሳካውን ሳንደብቅ፣ የሚሻሻለውንም ሳንሰለች እንሥራ።