ለውሻ ልደት ይከበራልን?

ርእሱን አይታችሁ ብትስቁ አንፈርድባችሁም። እኛም መጀመሪያ ስንሰማው በሳቅ ፈንድተናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዷ አክስት በውጭ አገር ይኖራሉ። የውሻቸውን ሦስተኛ ዓመት ልደት ያከበሩበትን ፎቶግራፍ በስልክ ላኩላትና ለሁላችን አሳየችን። ውሻው ባርኔጣ ደፍቶ ከኬክ ፊት ተቀምጧል። ፊኛ የለም፤ የፕላስቲክ ጌጥም የለም፤ ከአሮጌ ልብስ የተቀደደ ጨርቅ በግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ኬኩም ከካሮትና ከአጃ የተጋገረ ነው። አክስቷ ከፎቶግራፉ ሥር «አካባቢን የማይበክል ልደት» ብለው ጽፈዋል።

ሳቁ ሲበርድ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወንድማችን ተቆጥቶ፣ ሰው በሚራብበት ዓለም ለውሻ ኬክ መቁረስ ኃጢአት ነው አለ። ሌላዋ ደግሞ፣ በገዛ ገንዘባቸው ማንንም ሳይጎዱ ቢደሰቱ እኛን ምን አገባን ስትል ተከራከረች። በዚህ መካከል በግ ሲጠብቅ ያደገ አንድ ዝምተኛ ጓደኛችን፣ «የእኛስ ውሻ ከእኛ ምን አግኝቷል?» ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠው አልነበረም።

በእውነቱ ምን አግኝቷል? ወገራ ብርድ አገር ነው። እኛ ጋቢ ተከናንበን ስንተኛ፣ ጅብ በረቱን እንዳይደፍር ሌሊቱን ሁሉ ሲጮኽ የሚያድረው እርሱ ነው። ደመወዙ ግን ከተገኘ ፍርፋሪ፣ ካልተገኘም ድንጋይ ነው። ሰውን ልንሰድብ ስንፈልግ እንኳ የምንጠራው የእርሱን ስም ነው። በመጽሐፈ ጦቢት ግን ጦብያ ከመልአኩ ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው ተከትሏቸው ሄደ እንጂ አባረሩት የሚል ቃል አላነበብንም።

ስለ ልደቱ ካነሣን፣ ፎቶግራፉን ደጋግመን ስናየው ውሻው ባርኔጣውን በእግሩ ሊያወልቅ ሲታገል ይታያል። ሦስት ዓመት እንደ ሞላውም አያውቅም። ድግሱ የባለቤቲቱ ነው ማለት ነው። ይህን ስንል አክስታችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ በሰው አገር ብቻውን የኖረ ሰው ማታ በር ላይ የሚቀበለውን ፍጥረት ቢያከብር ማን ይፈርድበታል? ደግሞም አስበውበታል። ቸኮሌት ለውሻ መርዝ ነው፤ እርሳቸው ካሮት ሰጡት። ሽንኩርትም ይጎዳዋል፤ የበዓል ወጥ ትራፊ እየደፋን ቸርነት ያደረግን የሚመስለን እኛ ግን ይህን ያወቅነው ከዚያ ክርክር በኋላ ነው።

ታዲያ እዚህ አምባ ጊዮርጊስ አካባቢን የማይጎዳ የውሻ ድግስ ምን ሊሆን ይችላል? የእኛ ውሻ ፊኛ አያውቅም። ፌስታል እያገኘን የምንጥለው እኛ ነን፤ ያንንም ከብት እየበላው ይታመማል። ውሻ በዱሩ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ሌላ ነው። ከዚህ ተነሥተን በዳባት በኩል ደባርቅ ስንደርስ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ወደ መዘገበው ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ እንቀርባለን። በዚያ ከዋልያና ከጭላዳ ጋር ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ በአገራችንም ያሉት ያደጉት ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም። ከጠላቶቹ አንዱ ከእኛ ደጅ የሚሄደው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003 እና በ2008 የተነሣው ወረርሽኝ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላል የአገራችን ሰው፤ በተራራው ላይ ግን ውሻ በቀደደው የገባው ሞት ነው።

በሽታውን እኛም በቅርብ እናውቀዋለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሰፈራችንን ልጅ ውሻ ነከሰው። ልጁ ቁጣ ፈርቶ ሦስት ቀን ደበቀ። በኋላ ሲታወቅ ወደ ጎንደር ወስደውት፣ መርፌውን እየተመላለሰ ተወግቶ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። ውሻውን ግን በድንጋይ ወግረው ገደሉት። አብዶ ይሁን ሕመም ብቻ ይዞት ይሁን ማንም አልመረመረውም። ወግረው ገደሉት ብለን ጻፍን እንጂ ድንጋይ ካነሡት መካከል እኛም ነበርን። በዚያ ቀን ጀግንነት መስሎን ነበር። ያ ውሻ ያለ አንዳች ክትባት የኖረው በማን ጥፋት እንደ ሆነ ለመጠየቅ ግን የአንዲት አክስት ፎቶግራፍ እስኪመጣ ድረስ ቆየን።

በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ መደበቅ አያስፈልግም። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው፤ ከዐሥሩ አራቱ ያህል ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ወደ ሰው የሚመጣው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከውሻ ነው። ነገር ግን ከአንድ አካባቢ ውሾች ከዐሥሩ ሰባቱ ቢከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

እንግዲህ ኃጢአት ነው ላለው ወንድማችን የምንመልሰው ይህን ነው፤ መርፌው በውሻው ጀርባ ቢወጋም የሚድነው በባዶ እግሩ በግ የሚጠብቀው የድሀ ልጅ ነው። ስለዚህ ለውሻ የወጣ ገንዘብ ሁሉ ከሰው አፍ የተነጠቀ አይደለም። ማንንም ካልጎዱ ምን አገባን ላለችው እኅታችንም የምንለው አለ። እኛ ለውሾቻችን ምንም አላደረግንም፤ ልጁ የተነከሰው ግን ያን ጊዜ ነው።

የሚገርመው ነገር፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በዓለም የሚታሰብ ዕለት አለ። ቀኑ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1895 ያረፈበት ነው፤ ይህ ሰው በ1885 ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ያዳነ ነው። በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ይውላል። በዚያን ቀን ውሾቻችን የበዓሉን አጥንት ሲግጡ ከየደጁ አይርቁም፤ ለመያዝም ይመቻሉ። ስለዚህ ለሚመጣው መስቀል ማግስት የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ለመጠየቅና ውሾቻችንን አስረን ለማቅረብ ተስማምተናል። ባለቤት የሌላቸውን ማን ይይዛቸዋል ለሚለው ገና መልስ አላገኘንም። ኃጢአት ነው ያለው ወንድማችን ስለ ኬኩ ሐሳቡን አልለወጠም፤ ገመድ ግን አመጣለሁ ብሏል።

ባለሙያው የእያንዳንዱን ውሻ ዕድሜ ቢጠይቀን ብለን በየቤታችን መጠየቅ ጀምረናል። የዝምተኛው ጓደኛችን አባት፣ የእነርሱ ውሻ በረዶው ገብሱን በመታበት ክረምት ዓይኑን ያልገለጠ ቡችላ ነበር ይላሉ። እናቱ ደግሞ፣ «የለም፣ ለጥምቀት ነው የተወለደው፤ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ያገኘሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። ይህ ጽሑፍ እስከ ታተመ ድረስ አልተስማሙም።