«እምቢ» ያለ ሁሉ ታሟልን?



«እሺ ይበልጣል ከሺ» በሚል ብሂል ያደግን ሰዎች ነን። በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜኑ ደጋ ልጅ ለአባቱ፣ ደቀ መዝሙር ለመምህሩ፣ ባለጉዳይ ለዳኛው «እሺ ጌታዬ» ሲል መስማት የጨዋነት ምልክት ነው፤ መልካም ልማድ መሆኑንም አንክድም። ታዲያ «እምቢ» ያለው ሰው ምን ይባላል? በየቁምስናው ስንዘዋወር መልሱን በልዩ ልዩ ቃል እንሰማዋለን። አንዳንዶች «ዛር ሰፍሮበታል» ይላሉ፤ ሌሎች «ክፉ መንፈስ ነው፣ ጠበል ይወሰድ» ይላሉ፤ ትምህርት ቤት የዋሉት ደግሞ «የአእምሮ ችግር አለበት» ይላሉ። ቃሉ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፦ አልታዘዝም ያለ ሰው ጤነኛ አይደለም ማለት ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባላነሣነው ነበር። ነገር ግን ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ለማታውቀው ሰው ታጭታ «አላገባም፣ ትምህርቴን እማራለሁ» ብላ ስታለቅስ፣ እህል ውኃ ስትተውና ከዘመድ ቤት ስትሸሸግ፣ «ለክፏታል» የሚላት አይታጣም። ጠበሉን አናቃልልም፤ በእምነት የሚቀርበውንም አንነቅፍም። የምንጠይቀው ግን የልጅቱ ሕመም ምን እንደሆነ ነው። ሕጉ እንደሆነ ከእርስዋ ጋር ቆሟል። በ2000 የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግም፣ ከእርሱ በኋላ የአማራ ክልል ያወጣው የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርገውታል። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ሕግ የፈቀደላትን እምቢታ እኛ ደዌ ብለን ከጠራነው፣ ምክንያቷን ከመስማት ራሳችንን ነፃ አደረግን ማለት ነው። የታመመ ሰው ይታከማል እንጂ አይጠየቅምና።

ሐኪሞች በዚህ ጉዳይ ምን እንደሚሉ ማወቅ ይገባናል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 ባሳተመው የሕመሞች መዝገብ፣ በልጆች ላይ የሚታይ የተቃዋሚነት ሕመም የሚል ስያሜ አስገባ። በ2013 የታተመው አምስተኛው እትም ቁጣን፣ ከታላላቆች ጋር ዘወትር መከራከርን፣ ቂመኛነትንና የመሳሰሉትን ስምንት ምልክቶች ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም ቢያንስ አራቱ ለስድስት ወራት ያህል፣ ያውም ከወንድምና ከእኅት ሌላ በሆነ ሰው ላይ ጭምር ካልታዩ ሕመም አይባልም። ሐኪሙ የልጁን ዕድሜና ያደገበትን ባህል እንዲያመዛዝንም ታዟል። አንድ ጊዜ «አልሄድም» ያለ ልጅ ከዚህ መዝገብ ውስጥ የለም። ሕክምናውም በአብዛኛው የሚጀምረው በመድኃኒት ሳይሆን፣ ለወላጆች የልጅ አያያዝን በማስተማር ነው። ልብ በሉ፤ ታሟል የተባለው ልጅ ነው፣ የሚማረው ግን አባት ነው። ስለዚህ ስያሜው በጥንቃቄ ከተያዘ፣ በእውነት ለሚሠቃይ ልጅና ለደከመች እናት እርዳታ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ስያሜ በባለሥልጣን እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ታሪክ አሳይቶናል። በ1851 ካርትራይት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ጥቁር ባሪያዎች ከጌቶቻቸው የሚኮበልሉት በአእምሮ ሕመም ምክንያት ነው ብሎ ጻፈ፤ ለሕመሙም የግሪክኛ ስም አወጣለት። በሶቪየት ኅብረት መንግሥቱን የተቹ ሰዎች «ቀስ ብሎ የሚሄድ እብደት አለባቸው» እየተባሉ በአእምሮ ሆስፒታል ይቆለፍባቸው ነበር። ጄኔራል ግሪጎሬንኮ በ1960ዎቹ ሁለት ጊዜ እብድ ተባሉ፤ ኋላ ወደ አሜሪካ ተሰድደው ሐኪሞች ሲመረምሯቸው ግን የአእምሮ ሕመም አልተገኘባቸውም።

ሩቅ አገር መሄድም አያስፈልገንም፤ የምንኖርባት ከተማ ከእምቢታ በኋላ የተሠራች ናት። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ከተቀበሉ በኋላ፣ በ1626 ከጎንደር ብዙም በማይርቀው በደንቀዝ በፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም መታዘዛቸውን በአደባባይ አወጁ። ሕዝቡም እንዲከተል ታዘዘ። የተጠመቀው ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህኑ ዳግመኛ እንዲካን፣ አጽዋማቱና በዓላቱ እንዲለወጡ ተደረገ። የላስታና የበጌምድር ገበሬ «እምቢ» አለ። በ1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል ቢያደርጉም ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። እንደሚተረከው፣ መኳንንቱ ሬሳው ወደ ተረፈረፈበት ሜዳ እያመለከቱ፣ የወደቁት የራሳቸው የንጉሡ ሰዎችና ክርስቲያኖች መሆናቸውን ነገሯቸው። ሱስንዮስም ሕዝቡ ወደ ቀደመ እምነቱ እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ።

እኛ ካቶሊካውያን ይህን ታሪክ ስናነብ ከየትኛው ወገን እንደምንቆም ልንጠነቀቅ ይገባል። ያን ጊዜ ሥልጣኑ በእኛ እምነት ስም ነበር፤ ለሜንዴዝ የገበሬው እምቢታ ድንቁርናና ግትርነት ሆኖ ታየው። ገበሬው ግን ድንቁርና አልነበረበትም፤ ጥምቀቱን የሚያውቅ ሰው ነበር። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ሃይማኖት ነፃነት ባወጣው ሰነድ፣ ማንም በሃይማኖት ጉዳይ ከኅሊናው ውጭ እንዲሠራ ሊገደድ እንደማይገባው አስተምሯል። የወይና ደጋ ሟቾች ይህን ሰነድ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቀድመውታል።

ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በጎጃም ተወልደው፣ በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጥተው፣ በመርጡለ ማርያም መንኵሰው፣ በነገረ ሃይማኖት ክርክር ላይ እውነትን ሲፈልጉ የኖሩ ሊቅ ናቸው። ጳጳስ ለማምጣት በ1841 ወደ ግብፅ ከተላኩት ሰዎች ጋር ሲጓዙ ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ተቀራረቡ፤ በ1844 ካቶሊካዊ ሆኑ። በ1854 እዚሁ ጎንደር ከባልንጀሮቻቸው ጋር ተያዙ። እግራቸው በግንድ ተጠርቆ እምነታቸውን እንዲክዱ ሲጠየቁ «እምቢ» አሉ። ያሰሯቸው ካሣ ኃይሉ፣ በ1855 በሰሜን ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት፣ ራሳቸው ከቋራ ተነሥተው በእቴጌ መነንና በራስ ዓሊ ላይ የሸፈቱ ሰው ነበሩ። የእምቢታን ጣዕም ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን በሌላው ሰው አፍ ሲሰሙት አልታገሡትም። በዚያው ዓመት በአባ ገብረ ሚካኤል ላይ የሞት ፍርድ ሲሰጥ የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ስለለመኑላቸው ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠ። ከዘማቹ ጦር ኋላ በሰንሰለት እየተጐተቱ፣ በደዌና በድካም በመንገድ ላይ ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያን በ1926 ብፁዕ ሰማዕት ብላ ሰየመቻቸው።

የአባ ገብረ ሚካኤልን እምቢታ ከሕመም የሚለየው ምንድን ነው? ምክንያቱን የሚጠይቀው ሁሉ መልስ ያገኝ ነበር፤ ሊቅ ናቸውና ለመከራከርም ለመስማትም ዝግጁ ነበሩ። ዋጋውንም ራሳቸው ከፈሉ እንጂ በማንም ላይ ሰይፍ አላነሡም። ለግፍ «እምቢ» ያሉት ለእግዚአብሔር «እሺ» ስላሉ ነው። የግብፅ አዋላጆች የፈርዖንን ትእዛዝ ሲጥሱ፣ ሠለስቱ ደቂቅ ለወርቁ ምስል ሳይሰግዱ ሲቀሩ፣ ሐዋርያት ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ እንደሚገባ በሸንጎ ሲመሰክሩ (የሐዋ. 5፥29) እንዲሁ ነበር። ጌታችንንም ዘመዶቹ ከአእምሮው ወጥቷል ብለው ሊይዙት እንደ መጡ ቅዱስ ማርቆስ ጽፎልናል (3፥21)። ቅዱስ ጳውሎስም በፊስጦስ ፊት እብድ ተብሏል።

«ታዲያ ሳኦልስ? ሮሜ 13ስ?» የሚለን አይጠፋም፤ በሚገባ ጠይቋል። እምቢታ ሁሉ ሰማዕትነት አይደለም። እናቱን የሚሳደብ ጎረምሳ፣ የጋራ ሥራ በተጠራ ቁጥር የሚጠፋ ጎረቤት፣ ምክር የማይሰማ ባል የኅሊና ምስክሮች አይደሉም። ነገር ግን እነርሱንም በሽተኞች ብንላቸው እንበድላቸዋለን። ስንፍናና ትዕቢት ኃጢአት ናቸው፤ ኃጢአተኛም ንስሓ የመግባት መብት አለው። «ታሟል» የሚለው ቃል በግዴለሽነት ሲነገር ከሰማዕቱ ምስክርነቱን፣ ከበደለኛውም ንስሓውን ይነጥቃል። በእውነት የታመመውንም ይጎዳዋል፤ ድምፅ የሚሰማው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ሰውን ሁሉ የሚጠራጠር ወንድማችን ከእልከኛ ጋር ተደባልቆ ተቆጥሮ ስንት ጊዜ በሰንሰለት ታስሯል?

ስለዚህ በየመንደሩ የምታገለግሉ መምህራን ሆይ፣ አንድ አባት «ልጄ አልታዘዝ አለችኝ፣ ጸልዩላት» ብሎ ሲመጣ ጸልዩላት፤ ከጸሎቱ በኋላ ግን ልጅቱን ለብቻዋ፣ እናቷ ወይም አክስቷ ባሉበት አነጋግሯት። የታዘዘችው ምን እንደሆነ ከእርስዋ አንደበት ስሙ። ትእዛዙ ጋብቻ ከሆነ ዕድሜዋን ጠይቁ፤ 18 ካልሞላት አባትየውን ሕጉን በትሕትና አስረዱት፤ ካልሰማችሁ ለቀበሌው የሴቶች ጉዳይ አስታውቁ እንጂ ዝም አትበሉ። ዱላ ከሆነ የሸሸችው፣ ዱላውን ከያዘው ጋር ተነጋገሩ። እንቅልፏና ምግቧ ከጠፋ፣ ብቻዋን የምታወራ ከሆነ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለና ከቤተሰቧ ጋር ይዛችኋት ሂዱ። ጠበል የሚወስዷት ከሆነም ሐኪሙ የሰጣትን መድኃኒት እንዳታቋርጥ ለቤተሰቧ ንገሯቸው።