የሙያ ውለታ ለማን ይመለሳል?

በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው ሮብ ገበያ ስሟን የወረሰችው ከገበያዋ ቀን ነው። በገበያ የሚሰጥና የሚቀበል ሁሉ ልኩን ያውቃል፤ ጤፉ ይሰፈራል፣ ሰንጋው ይገመታል፣ ገዥና ሻጭም ተከራክረው ይስማሙና፣ ዱቤ ካልገባበት በቀር፣ አንዱ የሌላው ባለዕዳ ሳይሆን ወደየቤቱ ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ቁናም ሚዛንም ስለሌለው ስጦታ ነው። በደመወዝ የሚተዳደር ባለሙያ፣ የሒሳብ ሠራተኛም ይሁን መምህር፣ ነርስም ይሁን የሕግ ዐዋቂ፣ ከሥራ ሰዓቱ በተረፈው ጊዜ ሙያውን ለዕድር፣ ለማኅበር ወይም ለበጎ አድራጎት ድርጅት ያለ ዋጋ ቢሰጥ ተቀባዩ ውለታውን በምን ይመልሳል?

የገጠሩ ሰው ለመረዳዳት እንግዳ አይደለም። ወንፈል አለው፤ ዛሬ የአንዱን ማሳ ያጨዱ እጆች ነገ የሌላውን ያጭዳሉ። ደቦ አለው፤ ደጋሹ ጠላና እንጀራ አቅርቦ የብዙ ሰው ጉልበት ያገኛል። ወንፈል ሳያቀያይም የሚኖረው ግን ማጭድ በሁሉም እጅ ስላለ ነው፤ የአንድ ቀን ጉልበት በአንድ ቀን ጉልበት ይመለሳል። መዝገብ አያያዝ ለሚያውቀው ሰው ግን የዕድሩ አባላት በተራቸው መዝገብ ይዘው ብድሩን ሊከፍሉት አይችሉም። እኩልነቱ እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ መመለሻ መንገድ ያጣ ውለታም ቀስ በቀስ ወደ ጌትነት ያደላል።

ይህ ከንቱ ፍልስፍና እንዳይመስል አንድ የተለመደ ሁኔታ እንመልከት። በአንድ የገበያ ከተማ የተመደበ የሒሳብ ሠራተኛ ጎረቤቶቹ ለምነውት የዕድሩን መዝገብ ይይዛል እንበል። ሰውየው ቅን ነው፤ አበልም አይጠይቅም። መዋጮው፣ የድንኳኑ ኪራይ፣ ለሐዘንተኛ የተከፈለው ሁሉ እሱ ብቻ በሚያውቀው አኳኋን ይጻፋል። ደረሰኝ ሲጎድል የሚጠይቀው የለም፤ በነጻ የሚያገለግልን ሰው መጠየቅ ነውር ይመስላልና። ከዚያ ዝውውር ይመጣለታል። መዝገቡ ይቀራል፤ አንብቦ የሚያስረዳ ግን ይጠፋል። በሳምንቱ ባሏ የሞተባት ሴት ስትመጣ የዕድሩ ዳኛ መዋጮዋ መሟላቱን ከየት ያረጋግጥ? የሰውየው ደግነት እውነት ነበር፤ በሴትዮዋ ላይ የደረሰውም ጉዳት እውነት ነው።

ስለዚህ በነጻ የሠራ አይጠየቅም የሚለውን ልማድ አልቀበለውም። የሕግ ሙያ በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ ቀድሟል። ስለ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቆች ሥነ ምግባር በ1992 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 57 ጠበቃው በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር፤ ከተጠቃሚዎቹም መካከል መክፈል የማይችሉ ሰዎች፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና የማኅበረሰብ ተቋማት ይገኙ ነበር። በግዴታ የተሰጠ በጎነት በጎነት ነውን? የሚል ተከራካሪ አይጠፋም፤ ነገ ችሎት የሚቀርብ ድኃ ግን ይህን ክርክር ለሌላ ቀን ቢያቆዩለት ይመርጣል። እኔን የሚማርከኝ ነጻ አገልግሎት በሙያው ሥነ ምግባር ውስጥ መግባቱ ነው። በዚያ የገባ ሥራ በምጽዋት ስም ሊዝረከረክ አይገባውም።

ይሁንና ተጠያቂነት ብቻውን ለውለታው መልስ አይሆንም። መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ጎጃም የቅኔ አገር ነው፣ ቢቸና አጠገብም ዲማ ጊዮርጊስ አለች። በቅኔ ቤት የኔታ ከተማሪው ደመወዝ አይቀበሉም። ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ ከመንደር ለምኖ ይበላል እንጂ ለትምህርቱ የሚከፍለው ገንዘብ የለውም። ዕዳው ግን አይሰረዝም፤ አቅጣጫውን ይለውጣል። መወድስ የደረሰው ተማሪ ጉባኤ ቃና የሚቆጥረውን ጀማሪ ያርማል፤ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ይሰማል። ከመምህሩ የተቀበለውን የሚከፍለው ከእሱ በኋላ ለመጣው ነው። እርግጥ ነው፣ በየኔታ ፊት አንገቱን ይደፋል፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ተማሪ ሆኖ አይቀርም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም፣ ብዙ ሊባልበት ቢቻልም፣ ከዚህ የተለየ መንገድ አልያዘም፤ ዘማቹ ሲመለስ ፊደሉ ከተማረው ገበሬ ዘንድ ቀረ። የሚነበብ ነገር ባልተገኘበት ስፍራ ግን የተማረው ሁሉ ደበዘዘ።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት ሳልጠቅስ አላልፍም። የአንዱ በጎ ፈቃድ መቀጠር ያለበትን የሌላውን ሰው ቦታ እየሸፈነ፣ በጀት ያዡም በዚህ እየተጽናና ዓመት ቢያልፍ፣ ያ ነጻ አገልግሎት ለማን እንደዋለ መመርመር ይገባል።

አሁን ወደ ዕድሩ እንመለስ። የሒሳብ ሠራተኛው ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ትምህርቷን ጨርሳ ቤት የተቀመጠች አንዲት የአባል ልጅ አጠገቡ ቢያስቀምጥ፣ ለጥቂት ወራት እሱ እየነገራት እሷ ብትጽፍ፣ ቀጥሎም እሷ ጽፋ እሱ ቢያርም፣ ስብሰባው መርዘሙ የታወቀ ነው። አባላቱ ከድንኳኑ ጥላ ሥር እያዛጉ «አንተው ብትጽፈው ይፈጥናል» ይሉታል። በእርግጥም ይፈጥናል። እሱ ግን እርሳሱን ከእጇ ሳይቀበል የተሳሳተችውን ድምር እንደገና እንድትደምር ይጠብቃታል።