የጠርሙሱ ዕዳ

«ዓሣዬ ታሟል፤ ምን ላድርግለት?» አለችኝ የእህቴ ልጅ በስልክ። ሳቄን እንደ ምንም ዋጥኩት። እውነቱን ለመናገር በተረቶቻችን ውስጥ የታመመ ዓሣ የለም። ያለው ዓሣ ወይ በብልሃት ይበላል፣ ወይ ከጭንቅላቱ ይገማል፣ ወይ እሱን ስንጎረጉር ዘንዶ ይወጣብናል። ታሞ ጠያቂ የሚፈልግ ዓሣ አባቶቻችን አላወረሱንም።

ልጅቷ የምትኖረው መርካቶ፣ ከአውቶቡስ ተራ ብዙም በማይርቅ፣ እኔም እናቷም ባደግንበት ቤት ከአያቷ ጋር ነው። ዓሣው ቤታ የሚባለው፣ ረጃጅም ክንፍ ያለው ዓይነት ነው። ቀይ ስለሆነ «በርበሬ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ዘሩ የታይላንድ ነው፤ አገሩ በ2019 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የውኃ እንስሳ ብላ ሰይማዋለች። ሁለት ወንዶች አንድ ላይ ከተቀመጡ እስኪቆሳሰሉ ስለሚዋጉ ለብቻው ነው የሚያዘው። በስንጥቡ ከመተንፈስ ሌላ ወደ ውኃው ገጽ ብቅ እያለ አየር መሳብ ስለሚችል በጠባብ ዕቃ ውስጥም አይሞትም። እናም ሰው ሁሉ «ይችለዋል» ይላል። መቻልና መመቸት ለየቅል መሆናቸውን የሚጠይቅ የለም።

ሄጄ አየሁት። ሁለት ሊትር በማይሞላ የማር ጠርሙስ ውስጥ ከታች ተኝቷል። የክንፎቹ ጫፍ አይጥ የበላው ጨርቅ መስሏል። ምግብ ከተወ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቤቱ ደግሞ በምክር ተሞልቷል። ጎረቤታችን «የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍታችሁ በትኑበት» አሉ፤ እሳቸው ለጥርስ ሕመምም ለቁስልም የሚያዙት እሱኑ ነው። ታናሽ ወንድሜ ግን መርካቶ ያሳደገው ነጋዴ ነውና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። «ዋጋው ስንት ሆነና? ሌላ ይገዛላታል!»

ልጅቷ ሁለቱንም አልሰማችም። ስታነብ ነው የከረመችው። የዓሣው ቆሻሻ በጠባብ ውኃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያው ስንጥቡንና ክንፉን ይለበልበዋል፤ በተለበለበው ላይ ባክቴሪያ ይሰፍርበታል። ለእኛ ጤና ተብሎ ቧንቧ ውኃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን ለሱ መርዝ ነው። ቤታ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ የሚደርስ ለብ ያለ ውኃ ይፈልጋል፤ መርካቶ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የኅዳር ሌሊቷን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ሕክምናው የተጀመረው ከመድኃኒት ሳይሆን ከውኃ ነው። የቧንቧ ውኃ በባልዲ ቀድታ፣ ክሎሪኑ በኖ እንዲወጣ ሳትከድን አንድ ሙሉ ቀን አቆየችው። በርበሬን ከጠርሙሱ አውጥታ ወደ ሰፊ ባልዲ አዛወረችው፤ አየር እንዲስብ ከላይ ክፍት ቦታ ተወችለት። ሙቅ ውኃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጎኑ አንሳፈፈች፤ ማታ ባልዲውን በብርድ ልብስ ጠቀለለችው። ምንም ያልተቀላቀለበት ጨው በአራት ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ሂሳብ፣ መጀመሪያ በሌላ ዕቃ አሟምታ ጨመረች፤ ይህም ከዐሥር ቀን አላለፈም። በየቀኑ ከውኃው ጥቂቱን ትቀይራለች። ቡና ሲፈላ ከሰሉና ዕጣኑ ወደ በረንዳ ተባረረ። ጎረቤታችን ይህን ሲያዩ «ሰው በሚራብበት አገር!» ብለው አማተቡ።

ይህቺ «ሰው በሚራብበት አገር» የምትባል ነገር አፍ ታስይዛለች። እኔም ለጊዜው ዝም አልኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ዓሣው ቢጣል ኖሮ ያ ብርድ ልብስ የትኛውን በረንዳ አዳሪ ያለብስ ነበር? ለዓሣ አይገባም ያልነውን ሁሉ ለሰው ሰጥተን እናውቃለን እንዴ? ብዙ ጊዜ የተራበው ሰው ስሙ የሚነሳው ለሌላው ላለመስጠት ምክንያት ስናጣ ነው።

«ዓሣ ደግሞ ሕመም ያውቃል ወይ?» የሚልም አይጠፋም። በ2003 እ.ኤ.አ. ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ ብሪታንያ ውስጥ የትራውት ዓሦችን ከንፈር በንብ መርዝና በኮምጣጤ አሲድ ወግተው ነበር። ዓሦቹ ምግብ ትተው ቆዩ፤ በአሲዱ የተወጉት ከንፈራቸውን ከጠጠር ጋር ያሻሹ ነበር። ይህ ሕመም መሰማት ነው ወይስ ሰውነት ብቻውን የሚሰጠው ምላሽ? ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ዳኛ አልሆንም። ያልተወሰነ ክርክር ባለበት ግን ለዓሣው ማዳላት የሚያስከፍለን አንድ ማንኪያ ጨው ነው፤ ተሳስተን ችላ ካልነው የሚከፍለው እሱ ነው።

የወንድሜ ጥያቄ የበለጠ ያስቸግራል። በልጅነታችን ምን አለሽ ተራ ስንመላለስ ያየነው ትልቁ ትምህርት የሚጣል ነገር እንደሌለ ነው። የተሰበረ ምድጃ፣ የተጣመመ በርሜል፣ የጎደለ ቁልፍ ሁሉ ጠጋኝ ነበረው። ግን እዚያም ቢሆን ሂሳብ አለ። መጠገኛው ከመግዣው ከበለጠ ማንም አይጠግንም። ለምድጃ ትክክል ነው። ለነፍስስ? በርበሬ የተገዛበት ዋጋ የገበያው ዋጋ ነው፤ እሱ ራሱ ግን አንድ ብቻ ነው። «ሌላ ይገዛላታል» ስንል ልጅቷን እንክስ ይሆናል፤ ዓሣውን ግን ማንም አልካሰውም።

በዚያው ሳምንት አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን በቆሙበት በኩል ሳልፍ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። በሙስሊሞች ዘንድ ድመት ዘግታባት በረሃብ ስለገደለች ሴት የሚነገር ሐዲስ አለ። የተኮነነችው አላበላችም ተብላ ብቻ አይደለም፤ ራሷ ወጥታ እንዳትፈልግ ዘግታባት ስለነበር ነው። መጽሐፈ ምሳሌም ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ያስባል ይላል፤ ለእንስሳ ሁሉ ሳይሆን ለራሱ እንስሳ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ዓሣ ከእኔ ምንም አይጠብቅም፤ ቢበርደው ወደ ሞቀው ይዋኛል። በጾም ቀን ጥብሱን ስበላ ያለብኝ ዕዳ ቢኖር ሌላ ዕዳ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ያስገባሁት ግን ቢበርደውም ቢቆሽሽበትም ከእኔ በቀር ማንም የለውም። ዕዳውን ያመጣው የዓሣው ክብር አይደለም፤ ጠርሙሱ ነው። ልጅቷ ያደረገችውም ቸርነት አልነበረም። ውኃውን ያቆሸሽነው፣ ያቀዘቀዝነው እኛ ነን። የሠራችው ሁሉ የእኛን ጥፋት መመለስ ነበር።

ይህን ካልኩ በኋላ ዝም ብዬ ባልፍ ደስ ባለኝ። ግን አልሆነም።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ በዚያው ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች። ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ከገጠር ያመጣናት እኛ ነን። የምትተኛው ማድቤት ነው፤ ብርዱም ጭሱም የእኛው ነበር። አንድ ጊዜ ትኩሳት ያዛት፤ ሳሏም ጠና። ሦስት ቀን ጠበቅንና እናቴ የመሳፈሪያ ሰጥታ፣ ስንቅ ቋጥራላት፣ በማለዳ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘናት። «እናቷ ታስታምማት፤ ሲሻላት ትመጣለች» ተባለ። ደግ የሠራን ነበር የመሰለን። በሳምንቱ ሌላ ልጅ ተተካች። ሌላ ተገኘላ!

ባለፈው እሑድ ሄድኩ። በርበሬ ደህና ነው፤ በክንፎቹ ጫፍ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ አዲስ ነገር በቅሎለታል። ወደ ጠርሙሱ አልተመለሰም። ቡና እየተጠጣ ሳለ እናቴን «ያቺ ታማ የሸኘናት ልጅ ስሟ ማን ነበር?» አልኳት። ብዙ አሰበች። የመጣችበትን አገር አስታወሰች፤ ቀጭን እንደነበረችም አስታወሰች። ስሟ ግን አልመጣላትም። ለእኔም አልመጣልኝም።

የእህቴ ልጅ ባልዲው አጠገብ ቁጭ ብላ ትሰማን ኖሯል። «እና ዳነች?» አለች።

ሁለታችንም ሲኒያችንን አየን።