የብርቱው ዕዳ

መንገድ የጋራ ነው ሲባል ሁላችንም እንስማማለን። በመንገዱ ላይ ብርቱና ደካማ ሲገናኙ አብልጦ መጠንቀቅ የሚገባው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ስምምነታችን ይፈርሳል። ገሚሱ «ሁሉም ለራሱ ይጠንቀቅ» ይላል፤ ገሚሱም «ብርቱው ይጠንቀቅ» ይላል። ጥያቄው ለትራፊክ ፖሊስ ብቻ የሚተው ይመስላል፤ ነገር ግን ጠለቅ ብለን ብንመረምረው የግብረ ገብ ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ይኸውም ኃይል መብት ነው ወይስ ዕዳ የሚል ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን በሚዛን እንየው። አሸዋ የጫነ ባለ ሦስት አክስል ገልባጭ መኪና ከነጭነቱ እስከ 250 ኩንታል ይመዝናል፤ ብስክሌት ግን ከነነጂው ብዙውን ጊዜ አንድ ኩንታል አይሞላም። የመኪናው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም ድረስ የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ነጂው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከመኪናው አፍንጫ ሥር ያለውን ሕፃንና በቀኝ ጎኑ የተጠጋውን ብስክሌተኛ ላያይ ይችላል። ወደ ቀኝ ሲታጠፍም የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ዱካ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ቆርጠው ወደ መንገዱ ጠርዝ ይጠጋሉ። ስለዚህ የፊቱ ጎማ አለፈኝ ብሎ የተጽናናውን ሰው የኋላው ጎማ ሊያገኘው ይችላል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ በ2021 በዓለም መንገዶች ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገልጿል፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ብስክሌተኞች ናቸው። በአዲስ አበባም ሕዝቡ በብዛት በእግሩ የሚሄድ በመሆኑ፣ በመንገድ ላይ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ሕዝቡ ቀዩን ገልባጭ መኪና «ቀይ ሽብር» ብሎ ሰይሞታል። ስሙ ከ1969 እና ከ1970 ዓ.ም. መከራ የተወሰደ ነው፤ እንዲህ ያለ ስም በቀልድ ብቻ አይወጣም። ሆኖም ይህ ስም አንድ ነገር ይሰውራል፤ ብረቱን ይከሳል እንጂ ሰውን አይጠይቅም።

«እግረኛውስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከዜብራው ውጭ የሚያቋርጥ፣ ስልኩን እያየ አስፋልት የሚገባ ሞልቷል። ይህን ጥፋት አንሸፍንም። ይሁን እንጂ የሁለቱ ስሕተት ዋጋው እኩል አይደለም። እግረኛው ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ሕይወቱን የሚከፍለው እሱው ነው፤ የካሚዮን ነጂ ሲሳሳት ግን የሚከፍለው ሌላው ነው። ስሕተቱ የሌላውን ሕይወት የሚያጠፋ ሰው፣ ስሕተቱ የራሱን ብቻ ከሚያጠፋው ይልቅ እንዲጠነቀቅ መጠየቅ አድልዎ ሳይሆን ፍትሕ ነው። ደግሞስ እግረኛው ወደ አስፋልት ለምን ወረደ ብለን ብንጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ የእግረኛውን መንገድ የግንባታ አሸዋና ጠጠር ይዞት እናገኘዋለን፤ ያንንም ያራገፈው ያው የጭነት መኪና ነው።

አደጋ በደረሰ ቁጥር «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። ቃሉ ለሐዘንተኛ ማጽናኛ ሲሆን መልካም ነው፤ ለጥፋተኛ መሸሸጊያ ሲሆን ግን ክፉ ነው። የሞት ቀን የእግዚአብሔር ምስጢር ሊሆን ይችላል፤ ያረጀ ፍሬን፣ የተሰበረ መስተዋት፣ እንቅልፍ ያጣ ነጂ ግን የማንም ምስጢር አይደሉም። አስቀድሞ ሊታወቅና ሊታረም የሚችለውን ነገር ዕድል ብሎ መጥራት የሰውን ሥራ በፈጣሪ ማላከክ ነው።

ይህን ልዩነት ኦሪት አስቀድሞ ለይቶታል። በዘፀአት ምዕራፍ 21 እንደምናገኘው፣ በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል የበሬው ባለቤት ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን በሬው ወጊ መሆኑ ታውቆ፣ ባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ፣ ዕዳው በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2071 የእንስሳን፣ በቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪን ባለቤት፣ ራሱ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ አድርጎታል። እንግዲህ ጥያቄው ከነጂው አልፎ ይሄዳል። ነጂው የሚከፈለው በቢያጆ ብዛት ከሆነ፣ ቀስ ብሎ በነዳ ቁጥር የልጆቹ እንጀራ ይቀንሳል። ሰውን ስለ ጥንቃቄው የሚቀጣ ውል የሰጠ ባለንብረት፣ መሪውን ባይጨብጥም ነዳጁን የሚረግጠው እግር የሱም ጭምር ነው። ከባለንብረቱም በስተጀርባ አሸዋው ዛሬውኑ ይድረስልኝ የሚል ቤት አሠሪና የሥራውን ቀነ ገደብ የሚያጣብብ መሥሪያ ቤት አለ።

የጭነት መኪና ጠላት ነው አንልም። ከጅቡቲ ወደብ ስንዴውንና ማዳበሪያውን፣ ከፋብሪካም ሲሚንቶውን የሚያደርስልን እሱ ነው። የሚፈለገው ብርታቱን መጥላት ሳይሆን የብርታቱን ዕዳ ማወቅ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በከባድ የጭነት መኪናዎች የቀን ጉዞ ላይ ገደብ ማውጣቱ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማት ሥራ የብስክሌት መንገዶች መሠራታቸው መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ሰዓትና መንገድ መለየት ብቻውን አይበቃም። ሰው ከጎማ ሥር እንዳይገባ በጎን የሚታሰር መከላከያ ብረት፣ የተሰወረውን ጎን የሚያሳይ መስተዋት፣ በቢያጆ ሳይሆን በወር ደመወዝ የሚሠራ ነጂ ያስፈልጋል።

ሕግ የሚያስከፍለው ካሣ ከቀብር በኋላ የሚመጣ ነው፤ እኛ የምንለው ዕዳ ግን ከአደጋው በፊት፣ ፍጥነትን በመቀነስና መስተዋትን በማየት የሚከፈል ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ አበው። በመንገድ ላይ ግን የተወጋው ብዙ ጊዜ ለማስታወስ እንኳ አይተርፍም፤ ስለዚህ አለመርሳት የብርቱው ግዴታ ነው እንላለን።