የሬካባውያን ጽዋ

ነቢዩ ኤርምያስ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ሬካባውያንን ወደ ቤተ መቅደስ አግብቶ፣ ወይን የተመላበትን ማድጋና ጽዋ በፊታቸው አኑሮ ጠጡ ባላቸው ጊዜ፣ አባታችን ኢዮናዳብ አዞናልና አንጠጣም ብለው መመለሳቸውን፣ ስለ ታዛዥነታቸውም መመስገናቸውን መጽሐፍ ይነግረናል። ሰባክያን ይህን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ስለ መታዘዝ ለማስተማር ነው፤ እኔን ግን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች በድንኳን ያደጉ፣ የወይን ተክል እንኳ እንዳይኖራቸው የተከለከሉ ናቸው፤ እንግዲህ ያልቀመሰውን የተወ ሰው ትሩፋቱ የራሱ ነውን፣ ወይስ ምስጋናው ቅጥሩን ለሠራለት አባት ይገባል?

ይህ ጥያቄ ከብሉይ ኪዳን ጋር ያለፈ አይደለም። አይስላንድ የምትባለው የሰሜን ደሴት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1915 የሚያሰክር መጠጥን ሁሉ በአዋጅ ከልክላ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን እስጳንያ ወይኔን ካልገዛችሁ ዓሣችሁን አልገዛም ብላ ስላስጨነቀቻት ለወይን በሯን ከፈተች (የሥነ ምግባር አዋጅ በጨው ዓሣ ምክንያት ሲሻር ማየት የሚያሳዝንም የሚያስቅም ነው)፤ ቢራን ግን እስከ 1989 ድረስ እንደ ከለከለች ኖረች። በሕግ ይህን ያህል ስትጠበቅ የኖረች አገር በ1998 ተማሪዎቿን ብትጠይቅ፣ ዕድሜያቸው 15ና 16 ከሆነው መካከል 42 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረን ነበር አሉ። በ2016 ይኸው ቁጥር ወደ 5 በመቶ ወርዶ ተገኘ። በዚህ መካከል የሆነው ነገር መከልከል ብቻ አልነበረም። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያለው ልጅ በብርዱ ወራት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለ አዋቂ ደጅ እንዳይገኝ ሕጉ መደንገጉ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ወላጆች እርስ በርሳቸው ቃል ኪዳን ተፈራርመው በሰንበት ዋዜማ ሌሊት በየመንደሩ እየተዘዋወሩ የቀረውን ልጅ ወደ ቤቱ ይሸኙ ጀመር፤ ከልጆቻቸው ጋር የሚውሉበትን ጊዜም አበዙ፤ ዋና ከተማዪቱ ሬይኪያቪክም ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትንና ሙዚቃ የሚማሩበትን ገንዘብ ለእያንዳንዱ ልጅ መደበች።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ ይህ ጥበቃ እንጂ ትሩፋት አይደለም፣ ነፃ ፈቃድ የሌለበት መልካም ሥራም ዋጋ የለውም ይባላል። ተቃውሞው ክቡድ ቢመስልም የሰውን አስተዳደግ የዘነጋ ይመስለኛል። ሕፃን 7 ዓመት ሲሞላው ጾም ሲጀምር፣ ፈቅደህ ነው ወይስ እናትህ ቁርስ ስላልሰጠችህ ነው ብሎ የሚመረምረው የንስሐ አባት የለም፤ ልማዱ ቀድሞ ይገባል፣ ፈቃዱም በኋላ ደርሶ ልማዱን የራሱ ያደርገዋል። ሬካባውያንም ቢሆኑ እስከ መጨረሻው በቅጥር ውስጥ አልቀሩም፤ አንድ ቀን ጽዋው በፊታቸው ቀረበ፣ ያቀረበላቸውም ነቢይ ነበር።

እኔን ይልቅ የሚያስቸግረኝ ቅጥር ያልተሠራበት የሌላው አገር ነገር ነው። በእንግሊዝ ከ11 እስከ 15 ዓመት ካሉት ተማሪዎች መካከል መጠጥ ቀምሰን እናውቃለን ያሉት በ2003 61 በመቶ ሲሆኑ፣ በ2014 38 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በአሜሪካም የመጠጥ ዕድሜ 21 እንዲሆን ያስገደደው ሕግ በ1984 ቢወጣም፣ የወጣቶቹ መጠጥ መቀነስ ሕጉ ከወጣ ከብዙ ዘመን በኋላም አልቆመም። ሊቃውንቱ በምክንያቱ ገና አልተስማሙም፤ አንዱ የወላጆችን አያያዝ፣ ሌላው ወጣቱን በቤቱ ያስቀረውን ስልክ ያነሣል። ስልኩ ከሆነ ምክንያቱ፣ በክፍሉ ብቻውን ተቀምጦ ከጓደኛው ጋር ሳይገናኝ የሚያመሽ ልጅ አለመጠጣቱ ለጉበቱ መልካም ነው፤ ጉበትም ምክንያት አይጠይቅም። ተዐቅቦ ብዬ ግን ልጠራው አልደፍርም፤ ተዐቅቦ ስለሚበልጥ ነገር ሲባል አንዱን መተው ነውና። በአንጻሩ ዴንማርክን የመሰለች ባለጸጋ አገር ወጣቶቿ ዛሬም ከአውሮፓ ጠጪዎች ግንባር ቀደም መሆናቸው፣ የዘመን መለወጥ ብቻውን ሰውን እንደማያስተውም ያሳያል።

ወደ እኛም አገር ብንመለስ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ደንግጓል፣ የመጠጥ ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። አዋጁ የሚመሰገን ነው። ኢዮናዳብ ግን ወይንን ለብቻው አልከለከለም፤ ቤት እንዳይሠሩ፣ ዘር እንዳይዘሩ፣ በድንኳን እንዲኖሩ ሲያዝ ክልከላውን ከኑሮው ሁሉ ጋር አስተሳስሮ ነበር፤ አይስላንድም የተሳካላት አዋጁ ወደ አባቶች የምሽት ሰዓት በገባ ጊዜ ነው። በእኛ ዘንድ በበዓል ቀን አያት ከጠላው ጣሳ ለልጅ ልጇ ቅመስ ትላለች፣ የሚነቅፋትም የለም፤ ማታ ደግሞ እንግዳ የመጣበት አባት የ12 ዓመት ልጁን ቢራ አምጣ ብሎ ወደ ሱቅ ይልከዋል፤ ባለሱቁም የማን ልጅ እንደ ሆነ ስለሚያውቅ የሚጠይቀው ዕድሜውን ሳይሆን ባዶውን ጠርሙስ ነው።